ሰላይ አይደለሁም እማዬ

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ?

ባለፈው ስልክ ላይ «ከሰማይ ሆናችሁ ሰው ነው የምትሰልሉት?» ስትዪኝ ሳቄ መጣና ሳልመልስልሽ ቀረሁ። የማየው አሸዋና ባሕር ነው። ናሚቢያ ውስጥ፣ የናሚብ በረሃ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የሚያልቅበት ዳርቻ። አንድም ቀን ረግጬው አላውቅም፣ ግን ከገዛ ሰፈሬ በላይ ሳላውቀው አልቀርም። ሴንቲኔል-2 የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በ5 ቀን አንዴ ያነሱታል። ፎቷቸው ላይ አንዷ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር መሬት ናት፤ ሰው ቀርቶ መኪና አይለይባትም። ስለዚህ አትስጊ።

ታዲያ ምን ይታያል? አንዳንድ ቀን ፎቶውን ስከፍተው ባሕሩ ወተት የተደፋበት መስሎ፣ ነጣ ያለ አረንጓዴ ሆኖ ይጠብቀኛል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ፋይሉ የተበላሸ መስሎኝ ደግሜ አወረድኩት። ለካ ጋዝ ነው። ባሕሩ ወለል ላይ የተከመረው የሞተ ነገር ኦክስጅን በሌለበት ሲበሰብስ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያወጣል፣ ያ እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸተው። ወደ ላይ ወጥቶ ኦክስጅን ሲያገኝ ድኝ ይሆናል፤ ውሃውን የሚያነጣው እሱ ነው። ዓሣው ታፍኖ ያልቃል፣ ሎብስተር የሚባለው እንደ ሸርጣን ያለ የባሕር እንስሳ ደግሞ ነፍሱን ሊያድን ከባሕር ወጥቶ አሸዋው ላይ ይደረደራል። ዳር የቆመ ሰው ሽታው ይደርሰዋል እንጂ ነገሩ እስከ የት እንደተዘረጋ አያይም። እኛ እናያለን።

ጭጋጉ ግን ያበሽቀኛል። ቀዝቃዛው ባሕር የሚያመጣውን ጭጋግ እዚያ ያሉ ጥንዚዛዎች ይጠጡታል፣ እኔ ፎቶዬ ይበላሽብኛል።

አንዲት መርከብም አለች። ኤድዋርድ ቦህለን ትባላለች፣ የጀርመን ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1909 እዚያ አሸዋ ላይ ተቀረቀረች። ዛሬ ከውሃው ወደ 400 ሜትር ርቃ በረሃ ውስጥ ነው ያለችው። እሷ ንቅንቅ አላለችም፤ ባሕሩ ነው ጥሏት የሄደው። አሸዋው ወዴት እንደሚገፋ ለማወቅ የድሮና የአሁን ፎቶ ጎን ለጎን እናያለን። ላንድሳት የሚባሉት የአሜሪካ ሳተላይቶች እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ሲያነሱ ኖረዋል፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ደግሞ ፎቷቸው በነፃ ነው። ቀልድ እንዳይመስልሽ፤ እዚያው ናሚቢያ ያለውን የዋልቪስ ቤይን ወደብ ከማዕበል የሚከልለው አንድ ቀጭን የአሸዋ ምላስ ነው።

መርከቧ ያለችበትን ፎቶ በትልቁ አሳትሜ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሻለሁ። መነጽርሽን አድርጊና እይው፣ በቀይ እስክሪብቶ ያከበብኳት እሷ ናት።