ጫፉን ለእግረኛ ተዉት

ይድረስ፦ የሕዝብ ተራሮችንና ያልተነኩ መሬቶችን ለምታስተዳድሩ ኃላፊዎች
ጉዳዩ፦ ከነባሩ መንገድ በላይ ግንባታ እንዳይፈቀድ ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

ተራራ መውጣት እወዳለሁ፤ የምጽፍላችሁም ለዚሁ ነው። ተራራ በተነሳ ቁጥር አብሮ የሚነሳ ዕቅድ አለ፦ መንገዱን ወደ ላይ እንግፋው፣ ኬብል ካር እንዘርጋ፣ አናቱ ላይ ሎጅ እንሥራ። ዕቅዱን የሚያመጡት ሰዎች ክፉ አይደሉም። ግን አንዴ ከተሠራ ወደኋላ መመለስ የለም።

ተራራ ወጪዎች ትልቅ ሥራ የሚሉትን ልብ ብላችሁ እዩልኝ። ኤድመንድ ሂላሪና ቴንዚንግ ኖርጌይ እ.ኤ.አ. በ1953 ኤቨረስት ጫፍ የደረሱት ኦክስጅን ተሸክመው ነው። በ1978 ራይንሆልድ ሜስነርና ፒተር ሃበለር ያለ ኦክስጅን ወጡ። በ1980 ሜስነር ጭራሽ ብቻውን ወጣ። ተራራው ያው ተራራ ነው። ሥራቸውን ያገዘፈው ሳይዙ የሄዱት ነገር ነው።

ሴሮ ቶሬ ላይ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ደቡብ አሜሪካ ጫፍ፣ ፓታጎንያ በሚባለው አካባቢ ቀጥ ብሎ የቆመ የድንጋይ ተራራ ነው። ጣሊያናዊው ተራራ ወጪ ቼዛሬ ማይስትሪ በ1970 በቤንዚን የሚሠራ ኮምፕሬሰር (መሰርሰሪያ የሚያንቀሳቅስ የአየር ሞተር) ገደሉ ላይ ጎትቶ አወጣ። ድንጋዩን እየበሳ መወጣጫ የሚሆኑት በመቶዎች የሚቆጠሩ ብሎኖች ሰካበት። ኮምፕሬሰሩንም እዚያው አንጠልጥሎት ወረደ። ተራራ ወጪዎች ለዓመታት ተጨቃጨቁበት። በመጨረሻ በ2012 ሁለት ወጣቶች ወጥተው ሲወርዱ ከ100 በላይ ብሎኖች ነቀሉ። ብሎን እሺ፣ ይነቀላል። አስፋልቱን ማን ይነቅለዋል?

ሂላሪ ራሱ በ1964 ኤቨረስት አካባቢ ባለችው የኔፓል መንደር፣ ሉክላ ላይ ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ አሠርቶ ነበር። ለአካባቢው ነዋሪዎች፣ ለሼርፓዎች፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ዕቃ ማመላለሻ እንዲሆን ብሎ ነው። ሐሳቡ ቅን ነበር። በዚያው በር ግን ጎብኚ ጎረፈ፣ ጫካውም ለማገዶ ተመነጠረ። ቆይቶ አካባቢው ብሔራዊ ፓርክ እንዲሆን ከወተወቱት አንዱ እሱው ሆነ። የሳጋርማታ ፓርክ (ሳጋርማታ ኔፓሎች ኤቨረስትን የሚጠሩበት ስም ነው) በ1976 ተቋቋመ።

ዛፍ ከማይበቅልበት ከፍታ በላይ ስትደርሱ እስቲ ጎንበስ በሉ። መዳፍ የማታክል፣ ድቡልቡል ብላ ድንጋይ ላይ የተለጠፈች ተክል ታገኛላችሁ። በዚያ ብርድ ዕድገቷ እጅግ ዘገምተኛ ስለሆነ ዕድሜዋ ከእኔና ከእናንተ ሊበልጥ ይችላል። ዶዘር በሰከንድ ይገለብጣታል።

ሕግ ይህን መከላከል ይችላል። አሜሪካ በ1964 ባወጣችው ሕግ ከለላ በተሰጠው መሬት ላይ ቋሚ መንገድ አይሠራም፤ ሞተርም ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር አይገባም። ቡታን ደግሞ በ1994 ከ6,000 ሜትር በላይ መውጣትን ከለከለች፤ በ2003 ተራራ መውጣትን ጨርሳ አቆመች። 7,570 ሜትር የሚረዝመው ተራራዋ ጋንግካር ፑንሱም እስካሁን ሰው አልረገጠውም። እኔ እንኳን መውጣት የምወደው፣ ይህ ውሳኔ ከብዙ የጫፍ ድል ይበልጥብኛል።

አረጋውያንና አካል ጉዳተኞችስ? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መንገድ የገባባቸው ተራሮች ግን ሞልተዋል። መጀመሪያ እነሱ ጋ ለዊልቸር የሚመች መተላለፊያ፣ ንጹሕ መጸዳጃና ጥሩ መመልከቻ ሥሩ። ገቢውም ቢሆን፣ በኬብል ካር የመጣ ሰው ፎቶ ተነስቶ በዚያው ቀን ይመለሳል። በእግሩ የሚወጣው ግን መሪ ይቀጥራል፣ ዕቃ ተሸካሚ ይፈልጋል፣ መንደር ውስጥ ያድራል።

እኛንም ተቆጣጠሩን። ኔፓል በ2014 ኤቨረስት የሚወጣ ሁሉ 8 ኪሎ ቆሻሻ ይዞ እንዲወርድ የሚያስገድድ ደንብ አውጥታ ነበር። ቁጥራችንን ወስኑ፣ ቆሻሻችንን መዝኑ፣ ጥፋተኛውን ቅጡ።

የምጠይቀው ይህ ነው፦ መንገዱ ዛሬ የቆመበትን ቦታ በካርታ ላይ አስምራችሁ በሕግ አጽኑት። ከዚያ መስመር በላይ ግንባታ የሚጠይቅ ማመልከቻ ከመጣ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ሰነዱን ለሕዝብ ይፋ አድርጉ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ተራራ ወጪ