በሩን ክፈቱላቸው

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ታናሽ ወንድሜ እዚሁ ከተማ ሶፋ ቤት ይሠራል። ቀኑን ሙሉ ስፖንጅና ጨርቅ በማስቲሽ ሲያጣብቅ ይውላል። ክረምት ላይ ብርዱን ፈርተው በሩን ይዘጉታል። ያኔ ቤቱ በማስቲሹ ሽታ ይታፈናል።

መጀመሪያ ራስ ምታት ነበር። ቡና ጠጥቶ ያልፈዋል። ቀጥሎ የእግሩ ጣቶች መደንዘዝ ጀመሩ። ነገሩ የገባን ሐኪሙ «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቀው ነው። ብዙ ማስቲሽ ውስጥ ቶሉዊን ወይም ሄክሳን የሚባል ማቅጠኛ አለ። ሄክሳንን ለወራት የተነፈሰ ሰው የእጅና የእግሩ ነርቭ ይጎዳል። የጨርቅ ማስክ ደግሞ ትነቱን አያስቀርም። ይህን ብዙዎቻችን አናውቅም ነበር።

ሱፐር ግሉም ቀላል አይደለም። ጥጥ ላይ ከፈሰሰ በጣም ይግላል፣ ቆዳ ያቃጥላል። የተጣበቀ ጣትም በግድ አይላቀቅም፤ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ መዘፍዘፍ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። የወንድሜ አሠሪ ክፉ ሰው አይደለም። እሱም እዚያው ሲተነፍሰው ይውላል። እባካችሁ የሶፋና የጫማ ቤት ባለቤቶች፣ በሩን ክፈቱ። ማስቲሹን በረንዳ ላይ ቀቡ፣ ቆርቆሮውንም ክደኑት። ወንድሜ ገና 24 ዓመቱ ነው። እግሩ ዛሬም ይደነዝዛል።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ