ጎንደርን በኪራይ መኪና፤ ለልጄ

ልጄ፣ እንዴት ነሽልኝ? እኛ ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላው ሁሉ ሰላም ነው።

ባለፈው በስልክ "አባዬ፣ ለጥምቀት ጎንደር ስንሄድ መኪና ተከራይቼ ራሴ እነዳለሁ" ስትዪ ሳቄ መጣ። እናትሽ ደግሞ ከጎኔ ሆና "የአባቷ ልጅ!" አለች። ለምን እንደሳቅን ልንገርሽ።

በ2011 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ ሁለታችን ጎንደር ሄደን ነበር። አደይ አበባው ገና አልረገፈም። አከራዩ "ጋሼ፣ ሹፌር ልመድብልዎት?" ቢለኝ፣ "እኔ 30 ዓመት የነዳሁ ሰው ነኝ" ብዬ ተኮሳተርኩ። አንድ አሮጌ ኮሮላ ሰጠኝ። ውሉን በወጉ ሳላነብ ፈረምኩ። ማስያዣውንም ከፈልኩ።

መጀመሪያ የሄድነው ፋሲል ግንብ ነው። እዚያ መኪና ምን ይሠራል? በር ላይ አቁመሽ በእግር ነው የምትዞሪው። አፄ ፋሲል ከተማውን በ1628 ዓ.ም. ገደማ ሲቆረቁሩ አንድ ግንብ ሠሩ። ከሳቸው በኋላ የነገሡት ደግሞ በዚያው 900 ሜትር በሚሆን አጥር ውስጥ የየራሳቸውን ጨመሩ። ታላቁ ኢያሱ፣ ዳዊት፣ በካፋ፣ ሁሉም የራሱን ነው የሚሠራው። የአባት ቤት ገብቶ መኖር ነውር ነበር መሰለኝ።

ከዚያ ደብረ ብርሃን ሥላሴ። ከሱዳን የመጡት ደርቡሾች በ1880 ዓ.ም. የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ የተረፈው ይሄ ነው። ንብ ወጥቶ መለሳቸው ይላሉ የአገሩ ሰዎች። ጣሪያው በሙሉ የመላእክት ፊት ነው። እናትሽ አንጋጣ ቀረች፤ አንገቷን ይዤ ነው ያስወጣኋት።

አሁን ወደ ጉዳችን ልምጣ። ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ከመሀል ከተማ ወጣ ያለ ነው፣ ዳገት ነው። ዳገቱ አጋማሽ ላይ አህዮች እንጨት ተሸክመው መንገዱን ዘጉት። ቆምኩ። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። ኮሮላዋ እቴ! ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። እናትሽ የማታውቀው ታቦት አልቀረም፣ ሁሉንም ጠራች። የእግር ፍሬኑን ረግጬ ላቤ ሲንቆረቆር፣ ሁለት ልጆች ከየት መጡ ሳልል ድንጋይ አምጥተው ከኋላ ጎማ ስር ወሸቁ። አንደኛው በመስኮት አየኝና "አባባ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የሚነዱት?" አለኝ። እናትሽ ይህችን ንግግር እስከ ዛሬ በየድግሱ ታወራታለች።

ግን ልጄ፣ ያቺ መኪና ለዚያ ቀን ብቻ ብትከራይም አይቆጭም። ቁስቋምን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ባላቸው አፄ በካፋ ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ትንሽ ልጅ ነበርና አገሩን የሚመሩት እሳቸው ሆኑ። ልጃቸው በ1747 ዓ.ም. ሞተባቸው። የልጅ ልጃቸውን ኢዮአስን ደግሞ በ1761 ዓ.ም. ራስ ሚካኤል ስሑል አስገደሏቸው። እቴጌይቱ ሁለቱንም አይተው ነው የቀሩት። ዛሬ የሦስቱ አፅም ነው የሚባለው በአንዲት መስታወት ባላት ትንሽ ሣጥን ውስጥ አብሮ ተቀምጧል። አስጎብኚው ሻማ ከፍ አድርጎ ሲያሳየን እናትሽ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ስንወጣም ብዙ አላወራንም። ፍርስራሹ ላይ ተቀምጠን ከተማውን ከሩቅ አየን።

ስለ ጥምቀቱ እንግዲህ፣ ጥር 10 እና 11 መኪናውን እርሺው። ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ መንገዱ የሰው ጎርፍ ነው። ዝም ብለሽ በእግርሽ ተከተዪ። ኪራዩ ግን ቆሞም ይቆጥራል፣ ስለዚህ ከ12 ጀምረሽ ተከራዪ። ማታ ማታ ወደ ጎሃ ኮረብታ ውጪ፣ ግንቡም ፒያሳም ጣሊያን የሠራቸው ቤቶችም ከታችሽ ናቸው። ጎርጎራ መውረድ ካማረሽ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጣና ዳር ዓሣ በልተሽ ትመለሻለሽ። ከከተማ ከመውጣትሽ በፊት ግን ጠዋት ጠዋት መንገዱ ሰላም መሆኑን የአገሩን ሰው ጠይቂ። ቤንዚንም ሙሉ አድርገሽ ውጪ፣ ሰልፉን ታውቂዋለሽ።

ሹፌር ያዢ ብዬ አልጨቀጭቅሽም። አንቺም እንደኔ ግትር ነሽ። እናትሽ ጋቢሽን አጥባ አስቀምጣለች፣ የጥር ሌሊት ጎንደር ይበርዳል። የበረራሽን ቀን ንገሪን።

ደግሞ ውሉን ከመፈረምሽ በፊት የእጅ ፍሬኑን ዳገት ላይ ሞክሪው። ሜዳ ላይማ የኔም ይዞ ነበር።

አባትሽ