ስለ ጭነት ዋጋችንና በኬንያ ካለችው ከላሙ ይመጣል ስለተባለው የነዳጅ ቧንቧ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

አዲሱን የጭነት ዋጋ ካሳወቅናችሁ ወዲህ ብዙዎቻችሁ አንድ ዓይነት ነገር ነግራችሁናል። ከላሙ የሚመጣው የነዳጅ ቧንቧ ቢዘረጋ ዋጋው ይቀንስ ነበር፤ ያስቀሩት የላሙ ጠረፍ ነዋሪዎች ናቸው ትላላችሁ። ለየአንዳንዳችሁ በስልክ ከምንመልስ ጽፈን ማስረዳቱን መረጥን።

ቧንቧውን ከእኛ ይበልጥ የሚመኝ የለም። የምንቀዳው ናፍጣ ውጭ አገር ተጣርቶ፣ በአብዛኛው ከጂቡቲ በቦቴ ተጭኖ የሚመጣ ነው። ቦቴ በዘገየ ቁጥር አይሱዙዎቻችን ማደያ ደጅ ተሰልፈው ያድራሉ፤ ሽንኩርታችሁም ላያቸው ላይ ይበሰብሳል።

ኬንያን፣ ኢትዮጵያንና ደቡብ ሱዳንን በወደብ፣ በመንገድና በቧንቧ ለማገናኘት በወጣው፣ ላፕሴት በተባለው ዕቅድ ውስጥ፣ ከኬንያው ላሙ ተነሥቶ በኢሲዮሎና በሞያሌ አድርጎ አዲስ አበባ የሚደርስ የተጣራ ነዳጅ መስመር አለ። የሦስቱ አገሮች መሪዎች ሥራውን ያስጀመሩት የካቲት 23 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ በአድዋ በዓል ዕለት ነበር። የላሙ ወደብ በግንቦት 2013 ዓ.ም. መርከብ መቀበል ጀመረ። ቧንቧው ግን እስካሁን አልተቀበረም።

ላሙ ደሴት ናት። አሮጌው ከተማዋ በ1994 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በጠባብ መንገዶቿ ዛሬም ጭነት የሚያመላልሰው አህያ ነው። ብዙው ሰው የሚኖረው በዓሣ ነው። ወደቡ ሲሠራ የባሕሩ ወለል ተቆፈረ፤ ዓሣ የሚራባበት፣ ባሕር ውኃ ውስጥ የሚበቅለው የማንግሮቭ ደንና የኮራል ድንጋይ ተጎዳ። በትንሽ ጀልባ የሚያጠምድ ሰው ደግሞ ወደ ጥልቁ ባሕር ልሂድ ቢል አይችልም። ሰዎቹ ድንጋይ አልወረወሩም፤ ፍርድ ቤት ሄዱ። በማሊንዲ ያስቻለው የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ነዋሪዎቹ በቅጡ እንዳልተማከሩ አረጋግጦ፣ ለ4,600 ያህል ዓሣ አጥማጆች 1.76 ቢሊዮን የኬንያ ሽልንግ ካሳ እንዲከፈል ወሰነ። ይህን ያየ ሰው፣ ነዳጅ የሚያልፍበት ቧንቧ በዚያው ባሕር ዳር ሊዘረጋ ነው ሲባል፣ ቢያፈስ ማን ይጠየቃል ብሎ ቢሞግት ምን ያስደንቃል?

ደግሞም አንድ ነገር አስቡልን። ከጂቡቲ እስከ አዋሽ 550 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋ የነዳጅ ቧንቧ ስምምነት በመስከረም 2008 ዓ.ም. ተፈርሞ ነበር። እሱም አልተሠራም። በዚያ ላይ የላሙ ዓሣ አጥማጅ እጅ አልነበረበትም። ለእንዲህ ያለ ሥራ ገንዘብ መገኘት አለበት፤ የሚያስተማምን የነዳጅ መጠንም ያስፈልጋል፤ መንግሥታትም መስማማት አለባቸው። ይህን ሁሉ ትቶ በጀልባ ዓሣ አጥምዶ የሚያድረውን ሰው መውቀስ ግፍ ነው።

እኛም ከካዛንቺስ ተነሥተን ወደ ለገሃር ስንመጣ፣ ቀድሞ ቢነገረንና ሐሳባችንን የሚሰማ ቢኖር ምንኛ እንመኝ ነበር! ሠራተኞቻችን በሁለት ሌሊት ነው ጋራዡን ያጓዙት። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ በዚያው ሰሞን ሱቃችሁን ያፈረሳችሁ ናችሁና ይህን ልንነግራችሁ አይገባንም።

ስለዚህ ዋጋችንን ገና ባልተቀበረ ቧንቧ ላይ ተስፋ አድርገን ቃል አንገባላችሁም። ታሪፋችን የሚለወጠው የማደያ ዋጋ ሲለወጥ ብቻ ነው፤ ሲጨምርም ሲቀንስም ከሰባት ቀን በፊት እናሳውቃችኋለን። አትክልት ለምታስጭኑ፣ ናፍጣ ሲያጥር ነዳጅ የተቀዳለት መኪና መጀመሪያ የሚወጣው ለእናንተ ነው። ሒሳቡን ማየት የሚፈልግ ደንበኛ ቢሮአችን ይምጣ፤ የነዳጅ ደረሰኞቻችንን አውጥተን እናሳየዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ለገሃር፣ አዲስ አበባ