የሥራ መዘርዝራችን የመጨረሻ መስመር

ለተከበሩ የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ደብዳቤና ፋይል በኮምፒውተር የሚመዘገብበት ሲስተም ወደ ሌሎች መሥሪያ ቤቶች ከመስፋፋቱ በፊት የቢሮ ሠራተኞች እንዲጠየቁ ስለማመልከት

ክቡር ሆይ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጠቅላላ የቢሮ ሥራ የምሠራ ሰው ነኝ። ደብዳቤ እቀበላለሁ፣ ቁጥር እሰጣለሁ፣ ፋይል አወጣለሁ፣ ስልክ አነሳለሁ፣ ኮፒ አደርጋለሁ። ይህን ደብዳቤ በተለመደው መንገድ ብልከው መጀመሪያ የሚቀበለው እንደኔ ያለ ሰው ነው። ከዚያ "ለሚመለከተው" ተብሎ ይመራል። ዞሮ ዞሮ የሚመለከተው እኔን ስለሆነ ጠረጴዛዬ ላይ ይመለሳል። በግልጽ ልጻፍ ያልኩት ለዚህ ነው።

የሥራ መዘርዝራችንን አይተውት ይሆናል። ገቢና ወጪ ደብዳቤ ይመዘግባል፣ ፋይል ያደራጃል፣ ጽሑፍ ይተይባል ይልና መጨረሻው ላይ "ከቅርብ ኃላፊው የሚሰጡ ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎችን ያከናውናል" ብሎ ይዘጋል። የዓለም ሥራ ድርጅት ሥራዎችን በሚመድብበት ሰንጠረዥ ውስጥ እንኳ የራሳችን ቁጥር አለን፤ 4110። እዚያም የተዘረዘረው ያው ነው፦ መመዝገብ፣ መለየት፣ ፋይል ማድረግ፣ ፖስታ ከፍቶ ማደል፣ ስልክ መመለስ። ስህተት የለበትም። ብቻ ቀኑን ሙሉ የምንለፋበት ሥራ ያለው "ሌሎች" የምትለዋ ቃል ውስጥ ነው።

አንድ ደብዳቤ እንውሰድ። ሲመጣ መጀመሪያ የማየው አባሪውን ነው። ደብዳቤው "አባሪ 3 ገጽ" ይላል፤ የመጣው 2 ነው። ያመጣው ሰው ሳይሄድ ፊቱ ቆጥሬ ጉድለቱን ካልጻፍኩ፣ ከሳምንት በኋላ ሦስተኛውን ገጽ የጣልኩት እኔ እሆናለሁ። ቀጥሎ የመጀመሪያውን አንቀጽ አነባለሁ። "ቀደም ሲል በዚህ ቁጥር የጻፍንላችሁን ደብዳቤ ይመለከታል" ካለ፣ የድሮው ደብዳቤ ከነፋይሉ ወጥቶ አብሮ መግባት አለበት። ብቻውን ከገባ "የቀድሞው ተያይዞ ይቅረብ" ተብሎ ይመለሳል። ባለጉዳዩ በከንቱ ተመላለሰ ማለት ነው።

ደግሞ ምሪቱ አለ። ኃላፊው ከደብዳቤው ጥግ ላይ "ተነጋገሩበት" ብለው ይፈርማሉ። እነማን? አልተጻፈም። ጉዳዩን ከዚህ በፊት ማን እንደያዘው፣ ማን ፈቃድ እንደወጣ፣ የትኛው ክፍል ከየትኛው ጋር እንደተኮራረፈ የሚያውቀው ወረቀቱን የሚያዞረው ሰው ነው። ባያውቅ ኖሮ ያ ደብዳቤ ዛሬም አንድ ትሪ ላይ ይተኛ ነበር። ይህ በየትኛውም መዘርዝር ውስጥ የለም። የአፈጻጸም ምዘና ላይም ነጥብ የለውም።

አሁን ወደ ሲስተሙ ልምጣ። መሥሪያ ቤታችን ከሞከሩት አንዱ ነው። ሲስተሙን የሠሩት ባለሙያዎች ትሑት ልጆች ነበሩ፤ እነሱን አልወቅስም። መጡ፣ ከኃላፊዎች ጋር ተሰበሰቡ፣ የሥራ መዘርዝራችንን ወሰዱ፣ ሄዱ። ይዘው የተመለሱት ታዲያ መዘርዝሩን ነው። የተጻፈውን ሁሉ ይሠራል፤ ያልተጻፈውን አያውቅም። ለጎደለ አባሪ ቦታ የለውም። አዲሱን ደብዳቤ ከቀድሞው ጋር የሚያያይዝበት መንገድ የለውም። "ተነጋገሩበት" ሲባል አንድ ተቀባይ ካልተመረጠ ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፍም። ስለዚህ ሁለቴ እንመዘግባለን፤ አንዴ ለሲስተሙ፣ አንዴ በባሕር መዝገቡ ለሥራው።

የድሮ ፋይሎችም ስካን ተደርገው ገብተዋል፤ ስማቸው ግን ስካነሩ ራሱ የሰጣቸው ቁጥር ነው። ካርቶን ውስጥ መፈለግ ይሻላል፤ ካርቶን ቢያንስ ጀርባው ላይ ዓመት ተጽፎበታል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ፍለጋው ነው። ፀሐይ የምትባል ባለጉዳይ መጣች እንበል። አንዱ መዝጋቢ ፀሐይ ብሏታል፣ ሌላው ጸሐይ፣ ሌላው ፀሃይ፣ ሌላው ጸሀይ። ለጆሮ አንድ ሰው ናት። ለኮምፒውተሩ አራት ናቸው። አንዱን ስጽፍ "አልተገኘም" ይለኛል፤ እኔም "ፋይልሽ የለም" እላታለሁ። ፋይሉ ግን አለ። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደሎች ለፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ መቁጠር በአማርኛ ሶፍትዌር ሥራ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ያን ያህልም አይከብድም። አልተሠራም፤ ምክንያቱም ፍለጋው የት ላይ እንደሚወድቅ የሚያውቀውን ሰው የጠየቀ የለም።

ነገሩ የኔ ምሬት ብቻ እንዳይመስልዎ። ስለ መዝገብ አያያዝ የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይኤስኦ 15489 (እ.ኤ.አ. በ2001 ወጥቶ በ2016 የተሻሻለው)፣ አንድ መዝገብ እውነተኛ፣ አስተማማኝ፣ ያልተነካካና ጥቅም ላይ ሊውል የሚችል መሆን አለበት ይላል። ጥቅም ላይ ይውላል ማለት ደግሞ ሲፈለግ የሚገኝ፣ ወጥቶ የሚታይና የሚነበብ ማለት ነው። እያለ "የለም" የሚባል ፋይል ይህን አያሟላም፤ ሰርቨሩ የፈለገውን ያህል ውድ ይሁን።

ሲስተም የጠላሁ እንዳይመስልዎ። ባሕር መዝገብ ሲገለብጥ የኖረ ሰው ሲስተም አይጠላም። ማሽን እንጀራችንን ሊነጥቅ ነው ብዬም አላለቅስም፣ ምንም እንኳ የሚያሰጋ ነገር ባይጠፋም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት ለአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ከሁሉም በላይ የተጋለጠው የቢሮ ሥራ ነው፤ ከተግባሮቹ 24 በመቶው በከፍተኛ ደረጃ፣ ሌላ 58 በመቶው በመካከለኛ ደረጃ። ልብ ይበሉ፤ ጥናቱ የተነሳው ቅድም ካልኩት ሰንጠረዥ ውስጥ ከተጻፉት ተግባራት ነው። ያልተጻፈውን ማን ይቆጥረዋል? ነገ አንድ ሰው ይህን መቶኛ ይዞ "ሠራተኛ እንቀንስ" ቢልዎ፣ የሚቀነሰው አባሪ ቆጣሪው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በእኛው ላይ ልናገር። ፋይል የሚደብቅ ከመካከላችን አለ። ባለጉዳይ "እጁን እስኪፈታ" ድረስ ነገ፣ ከነገ ወዲያ የሚል አለ። ይህም የሚደበቀው እዚያችው መስመር ውስጥ ነው። ፋይል በስንት ሰዓት ወጥቶ መቅረብ እንዳለበት ያልተጻፈለት ሰው፣ አዘገየህ ተብሎም አይጠየቅም። የኃላፊ ልጅ የትምህርት ቤት ፕሮጀክት የሚተየበውም በ"ተዛማጅ ሥራ" ስም ነው። ያቺ መስመር ለሁሉም ትመቻለች፤ ከባለጉዳዩና ከጨዋው ሠራተኛ በስተቀር።

የምጠይቀው ታዲያ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር አይደለም። ሲስተሙ ወደሚቀጥለው መሥሪያ ቤት ከመግባቱ በፊት፣ የሚሠሩት ልጆች በስብሰባ አዳራሽ ሳይሆን መዝገብ ቤት ገብተው አንድ ደብዳቤ ከበር እስከ ፋይል ሲሄድ አብረውት ይሂዱ። ጥያቄያቸውን ደብዳቤውን ለያዘው ሰው ያቅርቡ፤ ኃላፊው አጠገቡ ባይቆሙ ይመረጣል፣ ካልሆነ "ሁሉም ጥሩ ነው" ይላቸዋል። ያዩትን ጽፈው "ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎች" በምትለው ምትክ ያስገቡት፤ ከነጊዜ ገደቡና ከነተጠያቂነቱ። ምዘናችንም በዚያው ይሁን። በርክክቡ ቀን ደግሞ ከሚፈርሙት አንዱ መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው ይሁን። እሱ "ፀሐይ"ን በአራቱም ጽፎ ካልተገኘች አይፈርምም።

የእኛን መሥሪያ ቤት በተመለከተ የፍለጋው ነገር ብቻ ቶሎ ቢስተካከል ባለጉዳዩ ይገላገላል። ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።

መልስ የሚጽፉልን ከሆነ እባክዎ ቁጥርና ቀን ይኑረው፤ አባሪ ካለውም ገጹ ይጠቀስ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የቢሮ ሠራተኛ

ግልባጭ፦ ለመዝገብ ቤት