ላንድሮቨሯን ላስነሳችሁልን ሁሉ

ይድረስ ለመካኒካችን፣ ለባትላሜራው፣ ለቶርኖ ቤቱ ልጅ፣ ለድንኳን ሰፊው ጋሼ፣ ለለንደኗ የአክስቴ ልጅ፣ ሮቤ ላይ ራዲያተር ለበየደልን ወጣት። እንዲሁም «ኧረ ሽጧትና ተገላገሉ!» እያላችሁ፣ ቅዳሜ ሲሆን ግን ቁልፍ ለማቀበል ለማትቀሩት የሰፈራችን ሰዎች።

ከሁሉ በፊት ፈጣሪ ይመስገን። ቀጥሎ እናንተ።

ላንድሮቨሯ ተነስታለች። ባሌ ደርሳ በራሷ ጎማ ተመልሳለች። አባባም 80ኛ ዓመታቸውን የባሌ ተራሮች አናት ሳነቴ ላይ፣ ጋቢ ተከናንበው፣ ትኩስ ሻይ ይዘው አክብረዋል። አብዛኞቻችሁ «ስሜን እንዳትጠሪ» ብላችሁኛል። እሺ፣ አልጠራም። ሥራችሁን ከመናገር ግን ማን ይከለክለኛል?

መኪናዋን ለማያውቃት ትንሽ ላስተዋውቅ። በ1969 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የተሠራች ሲሪስ 2ኤ ላንድሮቨር ናት። ከፊት ጎማዋ እስከ ኋላዋ 109 ኢንች ያላት፣ ረጅሟ ዓይነት። ሞተሯ ባለ 4 ሲሊንደር፣ 2286 ሲሲ፣ ቤንዚን። ቢጫውን እጀታ ወደ ታች ሲጫኑት የፊት ጎማዎቹ መጎተት ይጀምራሉ። ቀዩን ወደ ኋላ ሲስቡት ደግሞ ከባዱ ማርሽ ይገባል፤ ያኔ ግድግዳም ትወጣለች። እስከዚህ ድረስ አገራችን ውስጥ ብዙ የታየ ነገር ነው።

የእኛዋ የምትለየው በጣራዋ ነው። ፎክስቶን በምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ ማርቲን ዎልተር የሚባል ድርጅት ነበር። ላንድሮቨሮችን ወስዶ የሚነሳ ጣራ ይገጥምላቸዋል። ዶርሞቢል ይባላሉ። የፋይበርግላስ ጣራው በአንድ ጎኑ በማጠፊያ ይያዝና በሌላው ጎን ወደ ላይ ይነሳል። ክፍተቱን ሸራ ይሸፍነዋል። ላይ የሸራ አልጋ ይዘረጋል፤ ታች ደግሞ ወንበሮቹ ተዘርግተው አልጋ ይሆናሉ። ትንሽ የጋዝ ምድጃና የእቃ ማጠቢያም አላት። ባጭሩ ቤት ናት።

አባባ የገዟት በ1967 ዓ.ም. ነው። አገር ሲገለባበጥ ጓዛቸውን ሸክፈው ከወጡ የውጭ አገር መምህራን፣ ከባልና ሚስት። እርሳቸውም የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ። ሰሌዳ ላይ የሣሉትን ተራራ ሁሉ በእሷ ሄደው አይተዋል። በኋላ መለዋወጫ ጠፋ፣ ቤንዚን ተወደደ፣ ደመወዝ እዚያው ቀረ። ሳሪስ ግቢያችን ጥግ ላይ ቆመች። ዶሮ ገባባት። እማዬ ኮፈኑ ላይ በርበሬ አሰጣችበት።

መጀመሪያ የወሰድንበት ጋራዥ ቀብዱን ተቀብሎ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ላይ አቆማት። ስንመልሳት አንድ የጎን መስታወትና ክሪኳ የሉም። እሱን ሆድ ይፍጀው። ዛሬ የምስጋና ቀን ነው።

ጋሼ መካኒክ፣ ከእርስዎ ልጀምር። ሰው ሁሉ «ሞተሩን አውጥታችሁ የቶዮታ ናፍጣ ግጠሙባት» ሲለን፣ እርስዎ ዘይቱን በጣትዎ ነክተው፣ አሽትተው፣ «ይቺ ምንም አልሆነች፣ ቆማ ነው» አሉ። ስትነሳ ቤንዚን እየጠጣች ጥቁር ጭስ ትተፋ ነበር። አዲስ ካርቡራቶር፣ ያ ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለውን፣ ግዙ የሚለን በዛ። እርስዎ የራሷን ካርቡራቶር፣ ዜኒት የሚባለውን፣ ፈቱት። ክዳኑን አንስተው በብርሃን አዩትና «ተጣሟል፣ የዚህ ካርቡራቶር አመል ነው» አሉኝ። ከዚያ የመስኮት መስታወት ቁራጭ አስፈለጉ። መስታወቱን ጠረጴዛ ላይ አደረጉት፣ በላዩ ብርጭቆ ወረቀት አነጠፉ፣ ጠብታ ዘይት ጨመሩ። ክዳኑን ገልብጠው በስምንት ቁጥር ያሹት ጀመር። መጀመሪያ ዳርና ዳሩ ብቻ አበራ፤ መሃሉ እንደጠቆረ ነው። አሁንም አሹት። ብርሃኑ ከጥግ እየገፋ እየገፋ መጣ። ሙሉ ፊቱ እኩል ሲያበራ ጠርገው ገጠሙት፣ ጭሱም ቆመ። ወጪያችን የብርጭቆ ወረቀት ዋጋ ሆነ። አዲስ ካርቡራቶር ሊሸጥልን ቋምጦ ለነበረው ሰውዬም ሰላምታዬ ይድረሰው።

መንዳት ያስተማሩኝም እርስዎ ነዎት። መንጃ ፈቃድ ነበረኝ፤ ግን እንዲህ ያለ መኪና ላይ ምን ዋጋ አለው? አንደኛና ሁለተኛ ማርሿ ሲንክሮ፣ ማለትም ማርሹ ሳይጮህ እንዲገባ የሚያደርገው ነገር፣ የላቸውም። ወደ ታች ለመመለስ ፍሪሲዮን ሁለቴ መርገጥ፣ መሃል ላይ ነዳጅ መስጠት ግድ ነው። ማርሹ በጮኸ ቁጥር ጥርስዎን የተነቀሉ ያህል ፊትዎ ሲጨማደድ አይቻለሁ። አንድ ቀን ግን አልተቆጡኝም። ዕድሜ ይስጥልኝ።

ባትላሜራው ወንድሜ፣ አንተ ደግሞ። የዚች መኪና ገላ አሉሚኒየም ነው። ላንድሮቨር በ1948 እ.ኤ.አ. ሲጀመር እንግሊዝ ገና ከጦርነት መውጣቷ ነበር። ብረት በኮታ ነው የሚሰጠው፤ አሉሚኒየም እንደ ልብ ነው። ስለዚህ ገላዋ ደህና ሆኖ ያገኘነው፣ ዝገት የበላው ከሥር የሚሸከማትን የብረት አጽም፣ ሻንሲዋን ነው። የኋላውን ተሻጋሪ ብረት በመዶሻ መታ ስታደርገው መዶሻው ገብቶ ቀረ። ሳቅህ አሁንም ይሰማኛል። አሉሚኒየሙና ብረቱ የተነካኩበት ቦታ ሁሉ ነጭ ዱቄት ሆኖ ነበር። አንተ አዲሱን ብረት በይደህ ብቻ አልተውከውም። ከአሮጌ የውስጥ ጎማ ቀጭን ቁራጭ እየቆረጥክ በሁለቱ መሃል አስገባህ፣ ሁለተኛ እንዳይበላሉ። ማንም አላዘዘህም። ማንም አያየውም። እኔ ግን አይቻለሁ፣ እጅህ ይባረክ።

የማዕዘኑ ቤት ጎረቤታችን ጋሼ፣ የአባትዎን የቁልፍ ሣጥን አልረሳሁም። እንግሊዞቹ በኢንች ነው ያሰሯት። የግማሽ ኢንቹ ቡሎን ላይ የሚሊሜትሩ 13 ቁልፍ ይላላል፣ 12 ደግሞ አይገባም። ያ ሣጥን ባይኖር ግማሹን ቡሎን ራሱን በልተን እንጨርሰው ነበር።

የአክስቴ ልጅ፣ አንቺን ምን ልበልሽ? ስትሄጂ ሻንጣሽ በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ ነበር። ስትመለሺ የፍሬን ሲሊንደር፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ የራዲያተር ቱቦ። አየር መንገዱ ከሚፈቅደው ሁለት 23 ኪሎ አንዱ ሙሉ በሙሉ የላንድሮቨር ነበር። ለእናትሽ የገዛሽውን ብርድ ልብስ ለንደን ትተሽ መምጣትሽን በኋላ ነው የሰማሁት። አክስቴ እስካሁን ስታየኝ ወሬ ትቀንሳለች።

አሁን ወደ ጣራው። እውነት ለመናገር ሞተሩ ምንም አልነበረም። ለሞተር አዲስ አበባ ባለሙያ ሞልቷል። ለሚነሳ ጣራ ግን ወፍ የለም! ሸራው በስብሶ ጣት ያስገባል። ፋይበሩ ተሰንጥቋል። ማጠፊያው ደርቆ አልላወስ ብሏል። «በላሜራ ድፈኑት» ያለን ሰው ብዙ ነው። የተደፈነች ላንድሮቨርማ በየገጠሩ አለች፤ ለእሷ ይህን ሁሉ ምን አደከመን?

የፋይበር ውሃ ታንከር የምትሠራው ወንድማችን መኪና ነክተህ አታውቅም ነበር። ስንጥቁ ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ በስተህ «ከዚህ አይሄድም» አልክ። ከዚያ ከውስጥ በኩል ፋይበሩን በንብርብር ደረብክበት። ከውጭ የሚያይ ሰው ስንጥቁ የት እንደነበር አያውቅም። የቶርኖ ቤቱ ልጅ፣ አንተም የማጠፊያውን ፒኖች አሮጌውን አይተህ ብቻ አወጣሃቸው። ጣራው በአንድ እጅ ይነሳል። ጉርሻ ስሰጥህ «ለሻማ ግዢበት» ብለህ የመለስክልኝን ብር አባባ ሰምተው ስቀዋል።

ድንኳን ሰፊው ጋሼ፣ የእርስዎ ነገር ረጅም ነው። መርካቶ መጥቼ ስጠይቅዎ «እኔ የሠርግና የለቅሶ ድንኳን ነው የምሰፋው፣ መኪና ሰፍቼ አላውቅም» አሉኝ። ግን ሳሪስ ድረስ መጡ። ሌላው ሁሉ መጥቶ «እስቲ ክፈቱት» ነበር የሚለው። እርስዎ «ዝጉት» አሉ። ገረመን። «ሸራ ቆሞ አይበላሽም፣ ታጥፎ ነው የሚበላሸው። ሲዘጋ የት እንደሚገባ ካላወቅሁ መስፋት አልችልም» አሉን። ያን ቀን ሙሉ ጣራውን ስንዘጋና ስንከፍት ዋልን፤ እርስዎ ደግሞ ጎንበስ ብለው ስንጥር በሚያህል ክፍተት ወደ ውስጥ ያያሉ።

ቅርጹ አስቸጋሪ ነው። በአንድ ጎን ረጅም ግድግዳ፣ ፊትና ኋላ ሦስት ማዕዘን፣ በማጠፊያው በኩል ምንም ማለት ይቻላል። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት አስቀደዱን። በወረቀት ልክ አወጡ። አልጣመዎትም፣ ቀደዱት፣ እንደገና አወጡ። ሸራውንም ራስዎ ፈልገው አመጡ፤ ለካፌ ጃንጥላ የሚሆነውን፣ ቀይና ነጭ ሰንበር ያለውን፣ ልክ እንደ ድሮው። በወገቡ ዙሪያ ላስቲክ ሰፉበት። ጣራው ሲወርድ ላስቲኩ ሸራውን ወደ ውስጥ ይሰበስበዋል፣ ጠርዝ ላይ አይቆነጠጥም። የዶርሞቢል ፋብሪካ ይህን አስቦት ነበር ወይስ አልነበረም፣ እኔ እንጃ። የእርስዎ ግን ይሠራል። በመጨረሻ ከኪስዎ ሻማ አወጡና ስፌቱን ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ ከላይ እስከ ታች ቀቡት። መርፌ በገባበት ውሃም ይገባል አሉ።

የእጅዎን ዋጋ ስንጠይቅ እምቢ አሉ። «የሸራውን ክፈሉኝ። የእጄን ክረምት ካየችው በኋላ» ብለው ሄዱ።

እማዬ፣ ለአንቺ ደግሞ ለየት ያለ ነው። በየቅዳሜው ያንን ሁሉ ሰው በሽሮና በጎመን የመገብሽ፣ ዘይት የነካ እጅ በነጭ ፎጣሽ ሲጠረግ አይተሽ ዝም ያልሽ አንቺ ነሽ። ፎጣው አይነጣም። ሌላ እገዛልሻለሁ።

ምርመራውን አልፋ ቦሎዋን ለጥፋ፣ በጥቅምት ወጣን። በአሰላ፣ በበቆጂ፣ በዶዶላ አድርገን። ሲኖትራክ ሳይቀር ቀደመን። በቆጂ ዳገቱ ላይ ልምምድ የሚሮጡ ልጆች ከጎናችን እየሮጡ ለጥቂት ጊዜ ወሬ ጠየቁን። የአገሩ ልጆች ናቸውና አላፈርንም።

ሮቤ ስንደርስ ራዲያተሩ ማንጠባጠብ ጀመረ። ጊዜው መሽቷል፣ ሱቅህን ልትዘጋ ቁልፉ እጅህ ላይ ነበር። ወንድሜ፣ ታርጋችንን አይተህ ዋጋ አልሰቀልክም። አባባን ወንበር ሰጥተህ፣ «ቢስሚላህ» ብለህ እሳቱን ለኮስክ። ሌሊቱን ቤት ሄደህ ቢሆን ኖሮ እኛ እዚያው ነበርን። አላህ ይስጥልን። ብየዳህ እስካሁን ጠብታ አላስወጣም።

ከጎባ በላይ መንገዱ ወደ ሰማይ ነው። ሳነቴ ከባሕር ጠለል በላይ 4000 ሜትር ገደማ ነው፣ ጫፉ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4377። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛባታል፤ ጉልበቷ ይከዳታል። ጋሼ መካኒክ፣ ጎባ ላይ ሆነን ስንደውልልዎ «አትታገሏት፣ ቀዩን ሳቡና ተዉአት» አሉን። ሳብነው። በሰው እርምጃ፣ እያጉረመረመች፣ ወጣች።

አባባ እላይ ወርደው ለልጅ ልጆቻቸው ጅብራ፣ ያን የደጋ ረጅም ተክል፣ አሳዩ። ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ጉድጓድ ላይ ጆሮዋን ቀስራ ስትጠብቅ አየን። አባባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ትምህርት ጀመሩ፤ ያው አስተማሪ አይደሉ! ከዲንሾ አብራችሁን የመጣችሁ የፓርኩ ልጆች፣ የምታውቁትን እንደ አዲስ ስለሰማችኋቸው አመሰግናለሁ።

ማታውን ወደ ሐረና ጫካ ወርደን ሪራ መንደር አደርን። አባባና እማዬ ታች፣ ልጆቹ ላይ። ሌሊት ዝናቡ ወረደ። እንዲያው ዝናብ ብቻ አይደለም፣ በባልዲ ነው። በባትሪ እየዞርኩ ስፌት ስፌቱን ነካሁት። ደረቅ ነው። ሁሉም ደረቅ ነው።

እንግዲህ ድንኳን ሰፊው ጋሼ፣ ክረምቱም አይቷታል፣ ሐረናም አይቷታል። ሰበብ አልቋል። እሁድ ከሰዓት ሳሪስ ቡና አለ፣ ጠላም አለ፣ ሁላችሁም ተጠርታችኋል። ከሪራ ያመጣነው ማርም አለ። የእርስዎ የእጅ ዋጋ ፖስታ ውስጥ ተዘጋጅቷል። እምቢ ካሉ አባባ ራሳቸው ይቆጣሉ፤ እኔ የለሁበትም።