ጭሱ መቼ ነው የሚወጣው? የአውቶ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የአውቶ ክበብ ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የደከመው በአንዲት መኪና ላይ ነው። የፈተና ወረቀትና ጠመኔ ስታመላልስ የኖረችው የትምህርት ቤታችን ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ከአምና ጀምሮ ከግምጃ ቤቱ ጀርባ ቆማ ነበር። ያቆማት ጭስ ነው። ያዩዋት ባለሙያ «ሞተሩ አልቋል፤ ወርዶ ሙሉ እድሳት ይፈልጋል» ብለው የተመኑት ዋጋ ከትምህርት ቤቱ አቅም በላይ ስለሆነ፣ ርእሰ መምህሩ መስከረም ላይ ቁልፉን ለክበቡ ሰጡን። ሹፌራችን መጀመሪያ ላይ ቅር ብሏቸው ነበር፤ ያቺን መኪና ከማንም በላይ የሚያውቋትም የሚወዷትም እሳቸው ናቸው።

የሚጨስ መኪና ያየ ሰው «ምኗ ነው የተበላሸው?» ብሎ ይጀምራል፤ መልሱም ብዙ ጊዜ «ሞተሯ ነዋ» ነው። ተማሪዎቼ ከዚያ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ መኖሩን እንዲያውቁ ነበር የፈለግሁት። ጭሱ መቼ ነው የሚወጣው? ጠዋት ሲነሳ ነው? ዳገት ላይ ነው? ወይስ ቁልቁለት ተወርዶ ቤንዚን ሲሰጠው? ይህ ሞተር ሳይፈታ፣ አንድ ብር ሳይወጣ የሚገኝ መልስ ነው። ምን እንደሚፈታ የሚነግረንም እሱ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካቻቢቴ ያነሳ ተማሪ የለም። ጥቅምት ላይ ውርጩ ሲጀምር ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ በሩ ላይ ቆሙ፤ የሚያልፈውን መኪና የጭስ ቀለም መመዝገብ ነበር ሥራቸው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚያ ሰዓት ሚኒባሱም፣ አይሱዙውም፣ የመምህራኑም መኪና ነጭ ደመና ከማርሚታው እያወጣ ያልፋል። የመጀመሪያው ቀን መዝገብ ከላይ እስከ ታች «ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ» ይላል ማለት ይቻላል። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ግን መኪናዎቹ ከየት እንደተነሱ ጭምር እየጠየቀች መጻፍ ጀመረች። ከጫጫና ከዚያም ወዲያ የመጡት ሞተራቸው ሞቆ ስለሚደርስ ነጩ ነገር የላቸውም፤ ከሰፈር የተነሱት ናቸው የሚያጨሱት።

ያ ነጭ ነገር ውሃ ነው። ቤንዚን የካርቦንና የሃይድሮጅን ውሁድ ስለሆነ ሲቃጠል ሃይድሮጅኑ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ውሃ ይሆናል፤ ማለዳ ብርዱ ሲያገኘው እንደ ጭስ ይታያል። የ11ኛ ክፍሎቹ ኦክቴንን ይዘው እኩልታውን ሰሌዳ ላይ ሲያመጣጥኑት፣ ከ1 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ገደማ ውሃ እንደሚወጣ ደረሱበት። ብዙዎቹ ማመን ስላቃታቸው ሒሳቡን በየቡድኑ ለየብቻ ሠርተው ነው የተቀበሉት። የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ኬሚስትሪ በዚያን ቀን እንደነበረው ሲወደድ ግን አይቼ አላውቅም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ፣ ራዲያተሩንም እያጎደለ የሚወጣ ነጭ ጭስ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮን የሚባለው፣ ተቃጥሎ ውሃ ነዳጁ ወደሚቃጠልበት ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ይችላል።

ጥቁሩ ጭስ ቤንዚን በዝቶ አየር ሲያንስ የሚወጣ ነው፤ ለእኛ አገር ሰው ደግሞ ልዩ ትርጉም አለው። በደብረ ብርሃን የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቆላ ላይ የተስተካከለ ካርቦሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ደጋ ሲወጣ አየሩ ሳስቶ ሳለ ቤንዚኑን እንደቀድሞው ይሰጣል። ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ ጣርማበርን የሚወጣ አሮጌ መኪና ከ1,300 ሜትር ገደማ ጀምሮ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ጫፉ ላይ ቢጠቁርና ጉልበት ቢያጣ ሞተሩ አለቀ ማለት አይደለም።

ሰማያዊው የዘይት ጭስ ነው፤ የእኛዋም መኪና ሕመም ይኸው ነበር። ጠዋት ሲነሳ ብቻ ቡፍ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ፣ ዘይቱ ሌሊቱን ባረጀ የቫልቭ ጎሚኒ (በቫልቩ ዙሪያ ዘይት የሚያግድ የጎማ ቀለበት) በኩል ወደ ታች ሾልኮ ነው። ዳገት ላይና ጭነት ሲበዛ የሚብስ ከሆነ ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር የሚያሽጉት ሪንጎች ይጠረጠራሉ። ረጅም ቁልቁለት በማርሽ ተወርዶ እንደገና ቤንዚን ሲሰጥ የሚወጣ ከሆነም ጥርጣሬው ወደ ጎሚኒው ይመለሳል፤ እግር ከቤንዚን ላይ ተነስቶ ሞተሩ ሲሽከረከር ማኒፎልዱ (አየርና ቤንዚን ወደ ሲሊንደር የሚገባበት ቱቦ) ውስጥ የሚፈጠረው ቫኪዩም ዘይቱን በቫልቩ ዙሪያ ወደ ውስጥ ይስበዋል።

ኮሮላዋ ከሦስቱ ከአንዱም ጋር አልገጥም አለች። ቀዝቅዛም ሞቃም፣ ሚኒሞ ላይም (ቆማ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ) ዳገት ላይም ስስ ሰማያዊ ጭስ ያለማቋረጥ ታወጣለች። ተማሪዎቹ ወደ ሹፌራችን ሄዱ።

«ጋሼ፣ ዘይት በየስንት ጊዜው ነበር የሚጨምሩላት?»

«በየሳምንቱ ነዋ ልጄ። ደግሞ የዘይት መለኪያዋ ዘንግ ራሷ እየተነሳች ታስቸግረኝ ነበር፤ ጨርቅ ጠቅልዬባት ነው የምወትፋት።»

ከዓመቱ መረጃ ሁሉ ትልቁ ይህ ነበር። ውስጥ ግፊት ከሌለ ዘንግ ራሱ አይነሳም። ሰው ስለ መኪናው የሚያወራውን ቁጭ ብሎ መስማት ከማንኛውም መሣሪያ እኩል የምርመራ ሥራ መሆኑን ተማሪዎቹ እዚያው አዩት፤ ከዚያ ወዲያ ሹፌራችን የክበቡ ሁለተኛ አስተማሪ ሆኑ።

ግፊቱ ከየት መጣ? ሞተር ምንም ጤነኛ ቢሆን፣ ሲሊንደር ውስጥ ከሚቃጠለው ጋዝ ጥቂቱ በሪንጎቹ ጎን አምልጦ ዘይቱ ወዳለበት ወደ ታችኛው ክፍል ይገባል። ያልተቃጠለ ቤንዚንና የውሃ እንፋሎት ይዞ ነው የሚገባው። መውጫ ካጣ ዘይቱን ያበላሻል፤ ሞተሩም አፉ ተወትፎ እሳት ላይ እንደተጣደ ጀበና ይሆናል፤ በየጓርኒሲዮኑና በየጎሚኒው ዘይት ይገፋል። በድሮ መኪናዎች ይህ ጋዝ በአንድ ቱቦ በቀጥታ ወደ መንገድ ይለቀቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ የካሊፎርኒያ የአየር ብክለት ባሳሰበበት ጊዜ፣ ጋዙ ወደ ሞተሩ ተመልሶ እንዲቃጠል የሚያደርገው አሠራር በአዳዲስ መኪናዎች ላይ መግባት ጀመረ። በእኛ ኮሮላ ላይ ይህን የሚሠሩት ሁለት የጎማ ቱቦዎች ናቸው። ወፍራሙ ከቴስታታው ሽፋን ተነስቶ ወደ አየር ፊልትሮው ቤት ይሄዳል፤ ቀጭኑ በአንዲት ትንሽ ቫልቭ በኩል አልፎ ካርቦሬተሩ ሥር ወዳለው ማኒፎልድ ይገባል።

ኮፈኑን የከፈትነው ኅዳር ላይ ነው። ቀጭኑ ቱቦ ገና በጣት ሲጫኑት ተሰነጣጠቀ። ነቅለን በቢላዋ ለሁለት ስንሰነጥቀው ውስጡ በጥቁር ዝቃጭ ተደፍኗል፤ አንድ ልጅ እርሳስ ሊያስገባ ሞክሮ ጫፉ እንኳ አላልፍ አለው። ወደ ማኒፎልዱ ባለው ጫፍ ላይ ደግሞ ከዝቃጩ ወዲህ ስንጥቅ ነበረ፤ ሚኒሞዋ የሚንቀጠቀጠው በዚያ ስንጥቅ ያልተለካ አየር እየገባ ነው። ቫልቯን ፈትተን ጆሯችን ላይ ነቀነቅናት፤ ጤነኛ ብትሆን ቀጭ ቀጭ ማለት ነበረባት፤ ድምፅ የለም። ወፍራሙ ቱቦ አብጦ ላልቷል፤ የአየር ፊልትሮው ወረቀትም በዘይት ርሶ ጠቁሯል። አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነገሩን በራሱ አያይዞ አስረዳን። ቀጭኑ መንገድ ሲዘጋ ጋዙ ዘይቱን ይዞ በወፍራሙ በኩል ወደ አየር ፊልትሮው ይወጣል፤ ከዚያ በካርቦሬተሩ ተስቦ ይቃጠላል፤ ጭሱ በማንኛውም ጊዜ የሚወጣውም ለዚህ ነው። ክፍሉ አጨበጨበለት፤ ይገባዋልም።

የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ቢጫማ ወፍራም ቅባት ስናገኝ ግን ድንጋጤ ሆነ፤ «ቴስታታው ተቃጥሏል ቲቸር!» ያሉም ነበሩ። የራዲያተሩ ውሃ እንዳልጎደለ፣ ሞተሩ እየሠራም ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ እንደማይወጣ አረጋገጥን። ቅባቱ የብርድና የአጭር መንገድ ውጤት ነው። ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ይጠፋል፣ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፣ ከዘይት ጋር ይደባለቃል።

አንድ ነገር ከዚህ ቀደም ብሎ መነገር ነበረበት። ሞተር የምናስነሳው ሁልጊዜ ከቤት ውጭ፣ ማርሚታው ወደ ሜዳው ዞሮ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። በእኛ ከተማ ብርድ የከሰል ምድጃ ቤት አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ምን እንደሚያደርስ የማያውቅ ተማሪ ስለሌለ፣ ይህን ደንብ ማንም ለምን ብሎ አልተከራከረም። በመስከረም አዲስ የሚገቡ አባላትም ከሁሉ በፊት የሚማሩት ይህን ይሆናል።

ቱቦ ከመግዛታችን በፊት ሪንጎቹ በእርግጥ አላለቁ እንደሆን መለካት ነበረብን፤ ባለሙያው የገመቱት ነገር ተራ ግምት አልነበረምና። በከተማው ያለ አንድ ጋራዥ የኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት) መለኪያ አዋሰን። ካንዴላዎቹን ፈትተን ስንለካ 8.2፣ 8.0፣ 8.3 እና 7.9 ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር አነበብን። ቁጥሮቹ መመሪያ መጽሐፉ ላይ ካለው በብዙ ስላነሱ ፊታቸው ጠቆረ። የ70 በመቶውን ነገር ያስታወሰችው ያቺው የ10ኛ ክፍሏ ተማሪ ናት፤ ሲሊንደሩ የሚያምቀው አየር መጀመሪያውኑ ስስ ከሆነ፣ ታምቆም ያንሳል። መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። እዚህ ላይ የሚታየው የአራቱ መቀራረብ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። በየሲሊንደሩ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረን ስንደግመው ትንሽ ብቻ ነው የጨመረው። ሪንጎቹ አልቀው ቢሆን ኖሮ ዘይቱ ክፍተቱን ስለሚደፍን ቁጥሩ በብዙ ይወጣ ነበር። ሞተሩ አላለቀም።

ከዚያ የቱቦ ጉዳይ መጣ፤ እኔ የዓመቱ ምርጥ ሥራ የምለው ይህን ነው። ሱቅ ላይ መጠኑ የሚገጥም ቱቦ ሁሉ «ይሆናል» ተብሎ ይሸጣል። እኛ ሦስት ዓይነት ገዝተን ቆራርጠን ሞተር ዘይት በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ነከርናቸው፤ የራዲያተር ውሃ ቱቦ፣ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦና ለዘይትና ለነዳጅ የተሠራ ናይትራይል ጎማ። በየዓርቡ ብርጭቆዎቹን ሙቅ ውሃ ውስጥ እያስቀመጥን፣ ውፍረታቸውን በካሊፐር እየለካን ቆየን። ከመንፈቀ ዓመቱ እረፍት መልስ የራዲያተሩ ቱቦ አብጦ በጣት ሲጫኑት ይልመጠመጣል፤ ለውሃ እንጂ ለዘይት የተሠራ ጎማ አይደለም። ፕላስቲኩ ማለስለሻውን ዘይቱ ስቦበት ደርቆ ግትር ብሏል። ናይትራይሉ ምንም አልሆነም። የመኪናዋ ወፍራም ቱቦ ለምን እንዳበጠ ያኔ ግልጽ ሆነ፤ ከዚህ በፊት የቀየረው ሰው የውሃ ቱቦ ነበር የገጠመላት።

መግጠሙ ራሱ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። በቴስታታው ሽፋን ላይ ያሉትን የቱቦ መግቢያዎች በላምባ አጠብን፤ አዲስ ቱቦ በተደፈነ ቀዳዳ ላይ መሰካት ዋጋ የለውም። ለማኒፎልዱ በኩል ቫኪዩሙ እንዳያጣብቀው ግድግዳው ወፈር ያለና በክር የተጠናከረ መረጥን፣ ሳይታጠፍ እንዲዞር አስረዝመን ቆረጥነው፣ በፋሸታ አሰርነው። ቫልቯ፣ የአየር ፊልትሮውና ዘይቱ ተቀየሩ። ሚኒሞ ላይ አድርገን የዘይት መሙያውን ክዳን አንስተን ቁራጭ ወረቀት ስናኖርበት፣ ቀድሞ ገፍቶ ያበረው የነበረው ቀዳዳ ወረቀቱን ሳብ አድርጎ ያዘው። ለዚህ ሁሉ የወጣው ገንዘብ ከአንድ አዲስ ጎማ ዋጋ ያነሰ ነው።

ሚያዝያ ላይ ሹፌራችን እየነዱ፣ ተራ የደረሳቸው ተማሪዎች ተሳፍረው ወደ ደብረ ሲና ወረድን። እስከ ጣርማበር ዋሻ ድረስ ጭስ የሚባል አልታየም፤ መለኪያ ዘንጓም በቦታዋ ናት። ቁልቁለቱን በማርሽ ወርደን ቤንዚን ሲሰጧት ግን ከኋላ መስኮት የሚመለከተው ተማሪ «ሰማያዊ!» ብሎ ጮኸ። አንድ ጊዜ ቡፍ ብሎ ጠፋ። መቼ እንደወጣ ስላየን ምን እንደሆነ መፈለግ አላስፈለገንም፤ የቫልቭ ጎሚኒዎቹ አርጅተዋል።

እነሱን መቀየር ቴስታታው ላይ ያሉትን የቫልቭ ስፕሪንጎች መፍታት ስለሚጠይቅ ለዘንድሮ አልደፈርነውም። መኪናዋ ከግንቦት ጀምሮ የፈተና ወረቀት እያመላለሰች ነው፤ ዘይቷን በየሳምንቱ የሚመዘግቡት የ9ኛ ክፍል አባላት ሲሆኑ፣ መለኪያው ከላይኛው ምልክት ብዙም አልወረደም። የስፕሪንግ መጭመቂያ መሣሪያ ሊያውሰን ወይም ሊለግሰን የሚችል ወላጅ ካለ ክበቡን ያነጋግር። ሦስቱ የቱቦ ብርጭቆዎች ፊዚክስ ላቦራቶሪ መደርደሪያ ላይ፣ የጭስ መዝገቡም ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። አዲስ አባል መሆን የሚፈልጉ ተማሪዎች መስከረም መጨረሻ ዓርብ ከሰዓት ግምጃ ቤቱ ጀርባ ይምጡ፤ ሥራው የሚጀምረው ከጎሚኒዎቹ ነው።